በማሽላ ጉድጓድ ያደረው ጥቁር ወይን

ሰላም ላንተ ይሁን፣ እንድሪስ ዓለሜ።

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ያን ጊዜ እርሻችን ላይ አንድ የቆመ አገዳ አልነበረም። መቃብርህን የቆፈሩት ሰዎች እንኳ አቅም አጥተው በየመሃሉ ቁጭ እያሉ ነበር የሚያርፉት። ዘንድሮ ክረምቱ ገባ። የጎሊና ወንዝ ሞልቶ ወረደ፤ ወንድምህ ጎርፉን ወደ እርሻችን መለሰልን፤ ደጋሊት ማሽላችንም ሰው የሚሰውር ቁመት አወጣ። ባለፈው ሳምንት ወቅተን ጨርሰን ጉድጓዱ ውስጥ ከተትነው። እስከ አንገቱ አልሞላም፤ እስከ ደረቱ ነው። ቢሆንም ለሰው ስናገር ሞላ እላለሁ።

ልጃችን ዘይነባ ረዝማለች። ያ ሳስቶ የነበረው ጠጉሯ ረግፎ ሌላ በቅሏል፤ እህትህ ስትሠራት እንደ ድሮው ትጮሃለች። ጩኸቷን ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ለመጮህም ጉልበት ያስፈልጋልና። መስጊዳችን ውስጥ አሁን አዛን የሚያደርገው የሼህ ይማም ወንድም ነው። ድምፁ መልካም ነው፤ ግን ይቸኩላል። አንተ እያዘገምህ ስትጠራ እኔ ድስቴን አውርጄ እጄን ለመታጠብ ጊዜ ነበረኝ፤ እሱ ድስቱን ሳላወርድ ይጨርሳል። አዲስ አበባም ነገሩ ሁሉ ተገለባብጧል፤ ንጉሡ ወርደው ወታደሮች ገብተዋል ይላል የሻይ ቤቱ ሬዲዮ። እዚህ ቆቦ እስካሁን የተለወጠው ወሬው ነው።

ግድግዳው ላይ የለጠፍነው ጋዜጣ ስላረጀ አዲስ ለጠፍሁ። ከአልጋችን ራስጌ ያለውን ግን አልሸፈንሁትም፤ ማንበብ የለመድሁበት እሱ ነው። ከገበያ ያመጣህልኝ የፊደል ገበታ ግማሹ የተቀደደ እንደነበር ታስታውሳለህ? ከ«ተ» ወዲያ የለውም ነበር። የቀረውን ከግድግዳችን፣ ጨውና ስኳር ከሚጠቀለልበት ቁራጭ ወረቀት እየቃረምሁ ሞላሁት። «ሐዋ ስኳሩን ትታ ወረቀቱን ትልሳለች» እያልህ ትስቅብኝ ነበር። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ በዚያ በቃረምሁት ፊደል ነው። የምጽፈውም ሳልነግርህ የሄድህበት ነገር ስላለ ነው። ነገሩ ስለዚያ ጠርሙስ ነው።

ሙሴ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ከኛና ከዋጃ መካከል ባለው ሜዳ ላይ የውሃ ጉድጓድ ሊቆፍር ነበር። ስሙ ሉሲያን ነው፤ ነገር ግን እዚህ አገር ፈረንሳይ ሁሉ ሙሴ ስለሆነ ሙሴ ሆኖ ቀረ። አንተ የመቆፈሪያው መኪና ዘበኛ ነበርህ፤ አማርኛም ያስተማርኸው አንተ ነህ። የተማረው የመጽሐፍ አማርኛ አይደለም፤ የኛን የወሎን ነው። ብረቱ ድንጋይ በነካ ቁጥር «አብሽር ሙሴ፣ አይዞህ» ትለው ነበር። ቆይቶ ራሱን «አብሽር» ማለት ጀመረ፤ ከዚያ መኪናውን፣ ከዚያ የሰውን አህያ ሁሉ።

አመሻሽ ላይ ደጃችን ተቀምጦ ስለ አገሩ ያወራህ ነበር። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ እሰማለሁ፤ ያልሰማሁትን ደግሞ አንተ ትነግረኛለህ። የአገሩ ስም ካኦር ነው። ሎት የሚባል ወንዝ አላቸው፤ ቀጥ ብሎ መሄድ አያውቅም፤ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይመለሳል፤ ከተማይቱንም እናት ልጇን እንደምታቅፍ በክንዱ ውስጥ አስገብቷታል። ሙሴ ይህን በእንጨት አፈሩ ላይ ሲስልልህ ጎንበስ ብለህ አየህና «የኛ ጎሊና ለመሄድ ይቸኩላል፤ የናንተው መሄድ አይፈልግም» አልኸው።

በወንዙ ላይ ሦስት ግንብ ያለው የድንጋይ ድልድይ አለ አለህ። ሠሪው ሥራው ቢያቅተው ከሰይጣን ጋር ተዋዋለ ይባላል፤ ሰይጣኑ የታዘዘውን ሁሉ ሊሠራ፣ በመጨረሻ የሰውየውን ነፍስ ሊወስድ። ሥራው ሊያልቅ ሲል ሰውየው ወንፊት አምጥቶ «ለሠራተኞቼ በዚህ ውሃ ቅዳልኝ» አለው። ሰይጣኑ ቢቀዳ ቢቀዳ አቃተው፤ ነፍሱም ለሰውየው ቀረችለት። አንተ ይህን ስትነግረኝ እየሳቅህ መጨረስ አቅቶህ ነበር። ሙሴ ግን የቆፈረው ደረቅ በወጣ ቀን ልብሱን እያራገፈ «ዛሬም ወንፊት» ይል ነበር።

ወይኑ የሚበቅለው በወንዙ ዳርና ከወንዙ በላይ ባለው ድንጋያማ ደረቅ መሬት ነው። ፍሬው ጥቁር፣ ቆዳው ወፍራም ነው። የድሮ ሰዎች መጠጡን ጥቁር ወይን ይሉታል። እንዲሁ ጉሮሮ የሚያርስ ነገር አይደለም አለህ፤ አፍ ይሞላል፣ ምላስ ያደርቃል፣ እንደ ሥጋ ይታኘካል። ገና ሳለ ሸካራና ቁጡ ነው፤ ዓመታት ሲያድር ግን ይለዝባል። አንተ መቼም መጠጥ ቀምሰህ አታውቅም፤ «መጠጥ ደግሞ እንዴት ይታኘካል?» ብትለው «ጥርስ ያለው መጠጥ ነው» ብሎ መለሰልህ።

አንድ ቀን ግን ሳይስቅ የነገረህ ነገር አለ። በአያቱ ዘመን በዓይን ለማየት የምታስቸግር ተባይ ሥር ሥሩን እየበላች የዚያን አገር ወይን አደረቀችው። ሰው መንደሩን ጥሎ ተሰደደ፤ የድንጋይ ቤቶቹ ጣሪያቸው ወድቆ ቀሩ። የቀሩት ሰዎች መልሰው ተከሉ። ሙሴ ጎረምሳ ሳለ ደግሞ አንድ የካቲት ከባድ ብርድ ገብቶ የተተከለውን እስከ ሥሩ ገደለው። አባቱ እንደገና ተከለ። ተክሉ ለመጠጥ የሚሆን ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይጠበቃል፤ ከተጠመቀ በኋላ ደግሞ ሌላ ዓመታት። ሙሴ ይዞት የመጣው ጠርሙስ ከብርዱ በኋላ ከተገኘው ከመጀመሪያው ጥሩ ፍሬ የተሠራ ነበር። አባቱ ሲሸኘው «ውሃ ያወጣህ ቀን ክፈተው» ብሎ ሰጥቶታል። አንተ ያን ማታ እራትህን ሳትጨርስ ነው የተነሣኸው። «እንዲህ ያለ ሰው ነው ለኛ ውሃ የሚፈልገው» አልኸኝ።

ውሃው ሳይወጣ ሙሴ ታመመ። የወፍ በሽታ ይዞት ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። ወደ ደሴ ሊወስደው የመጣው መኪና እየጠበቀው ጠርሙሱን በሸሚዙ ጠቅልሎ አመጣልህ። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይሁን፣ በጎኑ ይተኛ፣ አይነቅነቅ አለህ። ከዚያ «አደራ እንድሪስ፤ ስመለስ ውሃው ሲወጣ አብረን እንከፍተዋለን» አለ። አንተ በሁለት እጅህ ተቀበልኸው። እኔ ከጓዳ ሆኜ አየሁ። አዛን የሚያደርግ ሰው የወይን ጠጅ በሁለት እጁ ሲቀበል አይቼ ደነገጥሁ። ዘወር ብለህ «የተቀበልሁት ጠጁን አይደለም፤ ቃሉን ነው» አልኸኝ።

ከቤታችን ኋላ ካለው የማሽላ ጉድጓድ የተሻለ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አልነበረንም። አፉ አንድ ሰው ብቻ ያስገባል፤ ሆዱ ግን እንደ ጋን ሰፊ ነው። እህሉ ላይ ገለባ ጎዝጉዘህ ጠርሙሱን በጎኑ አስተኛኸው፤ የጉድጓዱን አፍ በጠፍጣፋ ድንጋይ ከድነህ በጭቃ መረግኸው። ከዚያ በየወሩ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሰው ሳያይ እየከፈትህ ማፍሰስ አለማፍሰሱን ታይ ነበር። ጉድጓድ እንደተከፈተ አይወረድበትም፤ የታፈነው አየር ሰው ይገድላል። ስለዚህ ድንጋዩን አንሥተህ እስኪተነፍስ ዳሩ ላይ ትቀመጣለህ። ሙሴም ያ ወይን ተከፍቶ ወዲያው አይጠጣም፣ መጀመሪያ መተንፈስ አለበት ብሎህ ነበርና «ጠርሙሱም ጉድጓዱም አንድ ጠባይ ናቸው» ትለኝ ነበር።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። በልጉም ቀረ፤ ክረምቱም ደመናውን አሳይቶን ወደ ዞብል ተራራ ይዞት ሄደ። በሬዎቻችንን ጎብዬ ወስደህ ሸጥህ። የጉድጓዱን እህል ጨረስን፤ ከግድግዳው የተጣበቀውን የሻገተውን ሳይቀር ፍቀን በላን። ጠርሙሱ ብቻውን ቀረ። አንተ ግን ከፍተህ እያየህ መልሰህ መምረግህን አልተውህም። ስሕተታችን ይህ ነበር፣ እንድሪስ። በኛ አገር ባዶ ጉድጓድ ማንም አይመርግም። የሁሉም ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ነፋስ ሲገባበት የኛ ብቻ በእርጥብ ጭቃ ታሽጎ ይታያል። ሰው ምን ይበል? እንድሪስ እህል ደብቋል አለ።

በጎዳናው ዳር መጠለያ ተሠርቶ እህል መታደል የጀመረ ጊዜ ስም የሚጽፈው ሰው ስማችንን ዘለለው። የታሸገ ጉድጓድ ያለው ሰው ለሌለው ይልቀቅ አለ ተባለ። አንተ አልተከራከርህም። ቤት ገብተህ ግድግዳውን ተደግፈህ ተቀመጥህ። ክፈትና አሳያቸው አልሁህ። «ከፍቼ ምን ላሳያቸው? አዛን አድራጊው የጠጅ ጉድጓድ አለው ቢባል፣ ነገ ስጣራ ማን ለሶላት ይነሣል?» አልኸኝ። አውጥተህ ሌላ ቦታ ደብቀው አልሁህ። ያን ጊዜ ከላስታ የወረዱ ስደተኞች ጉድጓዳችን ዳር ሰፍረው ነበር፤ ጥቅል ይዘህ ስትወጣ የታየህ እንደሆነ እህሉን አሸሸ ትባላለህ። እንግዲያው ውረድና እዚያው ስበረው አልሁህ። «አደራ ይሰበራል እንዴ፣ ሐዋ?» አልኸኝ። ከዚያ ወዲያ ስለሱ አልተነጋገርንም።

ዘይነባ በዚያ ሳምንት መቆም አቃታት። ልትነሣ ትሞክርና መልሳ ትቀመጣለች፤ ስትቀመጥ ድምፅ የላትም። አንተ ለመጠለያው ውሃ ልትሸከም ወጥተህ ሳለ እኔ ስም ወደሚጽፈው ሰው ሄድሁ። ለማላውቀው ወንድ ቀና ብዬ የተናገርሁት የዚያን ቀን ነው። «የእንድሪስ ሚስት ነኝ» አልሁት። «ነገ ሽማግሌ ይዛችሁ መጥታችሁ ጉድጓዳችንን አስከፍቱት። እህል ካገኛችሁ ለሕዝቡ አድሉት። ካላገኛችሁ ስማችንን ጻፉ።» ስለ ጠርሙሱ አልነገርሁትም። እኔ እንደመጣሁ ለማንም እንዳይናገርም አስማልሁት።

ሳልነግርህ የሄድህበት ነገር ይህ ነው። ጉድጓድህን ያስከፈትሁት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ጠዋት አንተ በማለዳ ተነሥተህ ለጁምዓ የምትለብሰውን ነጭ ሽርጥህን ለብሰህ ደጅ ተቀምጠህ ነበር። ቀኑ ግን አርብ አልነበረም። እኔ በጭንቀቴ ለምን እንደለበስህ አልጠየቅሁህም። ስም ጻፊው፣ ሼህ ይማም፣ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ፤ ከኋላቸው ደግሞ ጎረቤታችን ተዋበች ጠላ ጠማቂዋ፣ ሌላም ሌላም ሰው። ስም ጻፊው ጉድጓዱ እንዲከፈት ጠየቀህ። ጭቃውን በመጥረቢያ ጀርባ ሰበርህ፤ ድንጋዩን አንሥተህ ዳሩ ላይ ቁጭ አልህ። ሰዎቹም ተቀመጡ። የተራበ ሰው ነበር ሁሉም፤ እዚያ ውስጥ እህል አለ ብሎ የመጣ። ቢሆንም ጉድጓዱ እስኪተነፍስ ማንም አላጣደፈህም። ያቺን ጊዜ አልረሳትም። አንተ ታች ታች ታያለህ፤ እኔ አንተን አያለሁ፤ ተዋበች ደግሞ ለምን እንደሆነ እንጃ እኔን ታየኛለች።

ራስህ ወረድህ። ቆይተህ ከታች «ባዶ ነው» ያለው ድምፅህ ተሰማ። ቀጥለህም «አንድ ነገር አለ፤ እሱን ይዤ እወጣለሁ» አልህ። በሸሚዝ የተጠቀለለውን ለሼህ ይማም ሰጠሃቸው። ሼሁ ሸሚዙን ገለጥ አድርገው ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አነሡት። ጥቁር ነበር፤ ፀሐይ አላሳለፈም። ከአንገቱ አጠገብ ብቻ እንደ ሮማን ፍሬ የቀላ ጭረት ታየ።

«የማን ነው?» አሉህ።

«የሙሴ ነው። የአደራ ነው።»

«ቀምሰኸዋል?»

«ሽታውንም አላውቀው፣ ሼኮቼ።»

 ከሰዉ መካከል ቀድማ የተናገረችው ተዋበች ናት። «አያ እንድሪስ፣ ይኸን ሁሉ ወር በማሽላ ሳማህ ከረምሁ። ጠማቂዋ እኔ፣ ጠጁ ያንተ ቤት» አለች። መጀመሪያ አንዱ ሽማግሌ ሳቀ፤ ከዚያ ስደተኞቹ ሳቁ፤ ስም ጻፊው እንኳ ወረቀቱን ፊቱ ላይ አድርጎ ሳቀ። በዚያ ዓመት ብዙ ሰው በአንድ ላይ ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሼህ ይማም አልሳቁም። ጠርሙሱን መልሰው በሸሚዙ ጠቀለሉትና «ሰው የሚወደውን ቢጠብቅ ምን ይደንቃል? ይህ የማይነካውን ጠበቀ። መልሰው ከቦታው፣ ልጄ፤ ነገም አዛኑን አንተው አድርግ» አሉህ። ስማችን ተጻፈ። ዘይነባ ከሰባት ቀን በኋላ ግድግዳ ይዛ ቆመች።

አንተ ማን እንዳስከፈተው አልጠየቅኸኝም። ዛሬ ይጠይቀኛል፣ ነገ ይጠይቀኛል እያልሁ ስጠብቅ ተስቦ ቀደመኝ። ከመጠለያው ሬሳ እያነሣህ ትቀብር ነበር፤ በሽታው ከዚያ ያዘህ። በስምንተኛው ቀን ትኩሳቱ ትንሽ ለቀቅ ሲያደርግህ እጄን ይዘህ «አደራው አሁን ያንቺ ነው» አልኸኝ። ልነግርህ አፌን ከፈትሁ። አንድ ጊዜ አደራህን አሳልፌ የሰጠሁ ሰው ነኝ፣ ለኔ አትስጠኝ ልልህ ነበር። ዓይንህን ጨፍነህ ስለነበር ተውሁት። በማግስቱ ሄድህ።

አርባህ ከወጣ በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር መጣ። የጠርሙሱ ወሬ እስከ ሮቢት ሄዶ ኖሯል። ወልድያ ላይ ፈረንሳዮችን የሚያስተናግድ ሰው አውቃለሁ፤ ጠርሙሱን ስጪኝና አንድ ጆንያ ዱቄት ላውርድልሽ አለኝ። አንድ ጆንያ ዱቄት ያን ጊዜ ምን እንደነበረ ለአንተ አልነግርህም። ወንድምህ ጉድጓድ ወርዶ አወጣልኝ፤ በሻሼ ሸፍኜ ወደ ጎዳናው ሄድሁ። መኪናው ሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ቆሟል። ሾፌሩ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይበላል። ከኋላው ቆሜ ልጠራው ብዬ ስሙን እንኳ እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። ጠርሙሱ ከደረቴ ላይ ቀዝቃዛ ነበር። ፈሪ ሆኜ ይሁን ደፋር አላውቅም፤ ተመለስሁ። የአንዱን ሰው ምስጢር ሳላስፈቅድ ከፍቻለሁ፤ የሁለተኛውን ሰው ንብረት ግን ባለቤቱን ሳልጠይቅ አልሸጥም አልሁ።

ባለቤቱን ለመጠየቅ ደግሞ አድራሻ ያስፈልጋል። እኔ ያለኝ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ብቻ ነው። ሙሴ አንድ ጊዜ በጣቱ እያሳየ ይኸኛው የአገሬ ስም ነው፣ ይኸኛው የአባቴ ስም ነው ሲልህ አይቻለሁ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን አልያዝሁም። ስለዚህ አንዱንም ሳልተው ሁሉንም ቀዳሁት። ቁጥሩንም ቀዳሁ። የድልድዩ ሥዕል ስለነበረበት ሦስቱን ግንብም ከፖስታው ጥግ ሣልሁ። ደብዳቤውን በአማርኛ ጻፍሁ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ? እንድሪስ ሞቷል፤ ጠርሙስህ ደኅና ነው፤ ልጄ ተርባለች፤ ልሽጠው ትፈቅድልኛለህ ወይ ብዬ ጻፍሁ። ወደ ወልድያ የሚሄደው የትምህርት ቤቱ መምህር ፖስታውን አይቶ «እትዬ ሐዋ፣ ይኼ እኮ አድራሻ ብቻ አይደለም፤ ጠርሙሱ ስንት እንደሚይዝ ሳይቀር ጽፈሽበታል» አለኝ። የሚይዘውን ይያዝ፣ አንተ ብቻ ላክልኝ አልሁት።

መልስ ሳይመጣ በልጉ አለፈ። ከመጠለያው በምናገኘው እየቆነጠርን፣ ተዋበች ከራሷ እያካፈለችን ክረምት ላይ ደረስን። ማሽላው በቀለ፤ እሸቱ ደረሰ። ሾፌሩም ተስፋ ቆርጦ መምጣቱን ተወ። ደብዳቤው ባሕር ውስጥ ገብቷል ብዬ ነበር። ኅዳር ላይ መምህሩ ቤታችን ድረስ መጣ፤ በእጁ የውጭ አገር ፖስታ ይዟል።

ከፍቶ አየውና በፈረንጅ ፊደል ነው አለኝ። ፈረንሳይኛ እንደማያውቅ፣ ነገር ግን እንግሊዝኛ ስለተማረ ፊደሉን መጥራት እንደሚችል ነገረኝ። ምንም ባይገባኝም ጥራልኝ አልሁት። እያንጠለጠለ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመረ። አንድ መሥመር ሳይጨርስ ቆመና ቀና ብሎ አየኝ። ፈረንሳይኛ አልነበረም፣ እንድሪስ። አማርኛ ነበር፤ አንተ ያስተማርኸው የኛ አማርኛ። ሙሴ ፊደላችንን ስለማያውቅ ከአፍህ የሰማውን በራሱ ፊደል ጽፎት ነው። እንዲህ ይላል፤ መምህሩ ደግሞ ደጋግሞ ስላነበበልኝ በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ሐዋ፣ አብሽሪ። ደብዳቤሽን የአባቴ መንደር ፖስተኛ እየሳቀ አመጣው። ማንበብ ስለማልችል የሚያነብልኝ ሰው እስካገኝ ብዙ ወር ሄደ። ወየው ወንድሜን። እኔ አሁንም ጉበቴን ያመኛል፤ ጠርሙሱን ግን በጭራሽ አላሰብሁትም ነበር። ለእንድሪስ ስሰጠው ቢርባችሁ ሽጡት ማለት ነበረብኝ። እሱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እያወቅሁ አላልሁም። አፉ በሉኝ። አሁን ያንቺ ነው፤ ብትሸጪው ደስ ይለኛል። ብታቆዪው ደግሞ አይበላሽም፤ የኛ ወይን መቆየት ያውቃል። ሲሻለኝ እመጣለሁ። ውሃው እዚያ አለ፤ እኔ አላገኘሁትም እንጂ።»

መምህሩ ሲያነብ እኔ የሰማሁት የሙሴን ድምፅ አይደለም። «አብሽሪ» ያልኸኝ አንተ ነህ። ይቅርታ ሲጠይቁ አፉ በሉኝ ማለትንም ያስተማርኸው አንተ ነህ፤ አንድ ቀን የአጥራችንን ካስማ በመኪናው ሰብሮ ምን እንደሚል ሲጠይቅህ ሰምቻለሁ። በዚያ ሩቅ አገር ወንዝ ዳር፣ ሁለት ጊዜ ሞቶ ሁለት ጊዜ በተተከለ የወይን እርሻ መካከል የሚኖር ሰው በአንተ አፍ እየተናገረ ነው። መምህሩን ውሃ ላምጣልህ ብዬ ጓዳ ገባሁና እዚያው ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ ወዲህ አስባለሁ። በአንዲት ጠርሙስ ሦስት ሰው ተበዳድሏል። እሱ ሽጡት ሳይል ሄደ። አንተ ልጅህ እየወደቀች ለክብርህና ለቃልህ ዝም አልህ፤ ልጽፈው ባልወድም እውነት ነው፤ በዚያ ሳምንት ቂም ይዤብህ ነበር። እኔ ደግሞ ፊት ለፊት መናገር ሲገባኝ ከጀርባህ ሄድሁ። እኔ ሙሴን አፉ ብየዋለሁ፤ አንተም ብትሰማው ወዲያው ትለው ነበር። አንተንም አፉ ብያለሁ፤ ቂሙ ያን ቀን ጠዋት ጉድጓዱ ዳር ስትቀመጥ ሳይህ ነው የለቀቀኝ። የቀረሁት እኔ ነኝ። አፉ በለኝ፣ እንድሪስ።

ያንን ነጭ ሽርጥም እያሰብሁት ነው። አርብ ባልሆነ ቀን፣ ማንም ሳይጠራህ፣ ታጥበህ ለብሰህ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ደጅ ተቀምጠህ ነበር። ምናልባት ሰው ነግሮህ ነበር። ምናልባትም ከምኝታችን ስነሣ ከፊቴ አንብበኸው ነበር፤ የኔን ፊት እንደሆነ ገና ፊደል ሳልቆጥር ጀምሮ ታነብ ነበር። አውቀህ ከሆነ፣ አውቀህም አደራውን ለኔ ከሰጠኸኝ፣ መልሱን ያኔውኑ ሰጥተኸኝ ሄደሃል ማለት ነው። አላውቅም። ቢሆንም ጽፌ ልንገርህ ብዬ ነው።

ጠርሙሱን አልሸጥሁትም። ዘንድሮ አያስፈልገንም። ማሽላውን ከመክተታችን በፊት ጉድጓዱን አስጠርጌ፣ ገለባ አስጎዝጉዤ፣ በሙሴ ሸሚዝ እንደተጠቀለለ በጎኑ አስተኛሁት፤ ደጋሊቱን ከላዩ አፈሰስንበት። ሙሴ ሲመጣ እህሉን በልተን ወደ ታች ስንደርስ እናገኘዋለን። ሳይመጣ ብንደርስበትም ጠርገን መልሰን እናስተኛዋለን፤ መቆየት ያውቃልና። አሁን ሰው ሁሉ ከሥር ምን እንዳለ ያውቃል። ተዋበች በዚያ ስታልፍ «ሐዋ፣ ከጉድጓድሽ ዛሬ ማሽላ ነው የምትሰፍሪልኝ ወይስ ሌላውን?» ትለኛለች።

ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትነው። ወንድምህ ድንጋዩን አነሣ። ዘይነባ ልትጠጋ ስትል ይዤ ከጎኔ አስቀመጥኋት። «እናቴ፣ ምን እንጠብቃለን?» አለችኝ። እስኪተነፍስ አልኋት። ቀጥዬም ስለ አባቷ ነገርኋት፤ የተራበ ሰው ከቦት ሳለ እንዴት ሳይቸኩል እንደተቀመጠ። 

እንግዲህ ቃሌ ይኸ ነው። ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ ጉድጓዱ በተከፈተ ቁጥር፣ ድንጋዩ ተነሥቶ ሰው ሳይወርድ በምንቀመጣት በዚያች ጊዜ፣ ስምህን እጠራለሁ። እኔ ያልቻልሁ ቀን ዘይነባ ትጠራዋለች፤ አስተምሬያታለሁ።

ሚስትህ ሐዋ